በገበያ የተሸነፈ ነገ ይመለሳል፤ በፖለቲካስ?

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ላይ የምትገኘው ሆለታ ማለዳ ላይ የወተት ከተማ ናት። ከወልመራ ወረዳ ቀበሌዎች በአህያ፣ በባጃጅና በሰው ትከሻ የሚመጣው ወተት ከመሰብሰቢያዎቹ ደጃፍ ይራገፋል። ሰብሳቢው ላክቶሜትሩን ይነክራል፤ ውሃ የተጨመረበት ከሆነ መለኪያው ከልኩ በላይ ይሰጥማል። ቀጥሎ ትንሽ ወተት ከአልኮል ጋር አቀላቅሎ ያያል፤ ከረጋበት ወተቱ መኮምጠጥ ጀምሯልና ባለቤቱ ይዞት ይመለሳል። በዚህች አጭር ግብይት ውስጥ ክርክር አለ፣ ጥርጣሬ አለ፣ አንዳንዴም ቁጣ አለ። ገበሬው ዋጋው ካልተስማማው ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ ሌላ ሰብሳቢ መሄድ ይችላል፤ ያም ካልሆነ ቤቱ ወስዶ ይንጠውና ቅቤና አይብ ያወጣበታል። ሰብሳቢውም ገበሬውን ዛሬ ቢያጭበረብረው ነገ ደጁ ላይ እንደማያገኘው አይጠፋውም። ስለዚህ ተከራክረው ይስማማሉ፤ በማግሥቱም እዚያው ይገናኛሉ።

ያው ገበሬ በዚያው ሳምንት ስለ መሬቱ ጉዳይ ወደ አስተዳደሩ ቢሮ ቢገባ የሚገጥመው ሌላ ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ከተማ ሲሰፋ፣ የአበባ እርሻ ወይም ፋብሪካ ሲመጣ፣ ማሳው ለሕዝብ ጥቅም ይፈለጋል ከተባለ ገበሬው የሚደራደርበት ዋጋ የለም፤ የሚነገረው የካሳ ቀመር ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለዘለቄታው ለሚነሣ የገጠር ባለይዞታ የአማካይ ዓመታዊ ገቢውን 10 እጥፍ ፈቀደ። በ2011 ዓ.ም. እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ 15 እጥፍ ከፍ አደረገው። ቁጥሩ ተሻሽሏል፣ ይህ መካድ የለበትም። ዋናው ነገር ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ ወተቱን ይዞ ወደ ሌላ ደጃፍ መሄድ የሚችለው ሰው መሬቱን በተመለከተ የሚሄድበት ሌላ ደጃፍ የለውም። አንዱ ሲያገኝ ሌላው ያጣል፤ ካሳው ከተከፈለ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ተገናኝተው የሚነጋገሩበት ምክንያትም ያበቃል።

ገበያ የፉክክር፣ ፖለቲካ የትብብር ሜዳ ነው ማለት ለምደናል። ነጋዴው ስግብግብ፣ መሪው አስተባባሪ ተደርጎ ይሳላል። ሆለታን፣ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ልብ ብሎ ለተመለከተ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በገበያ የሚፎካከሩት በአንድ ወገን የቆሙት ናቸው፤ ሰብሳቢ ከሰብሳቢ፣ ገበሬ ከገበሬ። የሚፎካከሩትም ከማዶ ካለው ወገን ጋር አብሮ ለመሥራት ነው፤ በፉክክሩ ያሸነፈ ሰብሳቢ ሽልማቱ ብዙ ገበሬዎች አብረውት መሥራታቸው ነው። በፖለቲካችን ግን ፉክክሩ ሌላውን ከሜዳው ለማስወጣት፣ ትብብሩም አብዛኛውን ጊዜ በትእዛዝ ነው። ይህ የሆነው ነጋዴ ደግ፣ ፖለቲከኛ ክፉ ሆኖ አይደለም። በሁለቱ ሜዳዎች የተሸነፈ ሰው የሚጠብቀው ዕጣ ስለሚለያይ ነው።

ሰበታ ላይ ያለውን የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ እንውሰድ። የብሪታንያው ዲያጆ በ2004 ዓ.ም. በ225 ሚሊዮን ዶላር ከመንግሥት ገዛው። ሃይኒከን ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ በደሌንና ሐረርን ገዝቶ ገብቶ ነበር፤ ጊዮርጊስ ከሁሉም በፊት ነበር፣ ዳሸን ነበር፣ ሐበሻም ተጨመረ። ፉክክሩ የከረረ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ሕግ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ዳር ሰሌዳ እስኪያወርደው ድረስ ዓይንና ጆሮ የሚያርፉበት ቦታ አልነበረም። በመጨረሻ ዲያጆ አልሆነለትም፤ በ2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን ለተፎካካሪው፣ የጊዮርጊስ ባለቤት ለሆነው ለፈረንሳዩ ካስቴል ሸጦ ወጣ። በመሸነፉ ከሥራ አስኪያጆቹ መካከል የታሰረ፣ የተሰደደ ወይም ጫካ የገባ የለም። ጋኖቹም በቦታቸው ቀሩ። ለባለአክሲዮኖቹ ውድ ሽንፈት ነበር፤ ለሰበታ ነዋሪ ግን ተራ የንግድ ዜና ሆኖ አለፈ። ተፎካካሪ ተፎካካሪውን ሲገዛ ገበያው እየጠበበ ይሄዳል የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ልክ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ፉክክሩ እየቀጠለ ትብብር የሚበቅልበትም ቦታ አለ። በሆለታ ዙሪያ ያሉት የአበባ እርሻዎች ጽጌረዳቸውን በአብዛኛው የሚልኩት ወደ ሆላንድ ነው፤ በዚያ ጨረታ ላይ አንዱ የሌላው ተቀናቃኝ ነው። እነዚሁ ተቀናቃኞች ግን በኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራችና ላኪዎች ማኅበር ሥር ሆነው የኬሚካል አጠቃቀምንና የሠራተኛ አያያዝን የሚመለከት የአሠራር ደንብ በጋራ አውጥተዋል፤ ስለ አየር ጭነትም በአንድ ድምፅ ይናገራሉ። የአንዱ እርሻ ስም ከተበላሸ የሁሉም አበባ ስም እንደሚበላሽ ገብቷቸዋል። ባንኮቹም እንዲሁ ናቸው። ለአንድ አስቀማጭ የሚሻሙት ባንኮች ኢትስዊችን በጋራ መሥርተው ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የአንዱ ካርድ በሌላው ኤቲኤም ገንዘብ እንዲያወጣ አደረጉ። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ በ07 ከሚጀምር የሳፋሪኮም ቁጥር ሲደወል በ09 በሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮም ስልክ ላይ የሚጮኸውም ሁለቱ ተፎካካሪዎች መስመራቸውን ስላገናኙ ነው። ይህን ያደረጉት ሕግ ስላለ ነው ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን ሕጉ አንድ ኩባንያ ሁኑ አላላቸውም፤ እየተፎካከራችሁ ተገናኙ ነው ያላቸው። ይህችን ልዩነት አንባቢ ይያዝልኝ።

አሁን ወደ ምርጫ ሳጥኑ እንምጣ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት በአዲስ አበባ ምክር ቤት ካሉት 138 ወንበሮች 137ቱን ወሰደ፤ ከከተማዋ 23 የፓርላማ ወንበሮችም አንድ አልቀረውም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በዚያችው ከተማ፣ ከ23ቱ 22ቱ የገዢው ግንባር የኢሕአዴግ ሆኑ። በአገር ደረጃ በ2002 ዓ.ም. ከ547 ወንበሮች 545ቱ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉም በኢሕአዴግና በአጋሮቹ እጅ ገቡ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ደግሞ ቦርዱ ውጤት ካሳወቀባቸው 436 ወንበሮች ኢሕአዴግን የተካው ብልጽግና 410ሩን አሸነፈ። ኮሮጆ መገልበጥን፣ ማስፈራራትን፣ የታሰሩ እጩዎችን ለጊዜው ወደ ጎን እንተው፤ ያ ሁሉ ባይኖር እንኳ ሥርዓቱ ራሱ ለዚህ የተመቸ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በምርጫ ክልሉ ብልጫ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል፤ ከእሱ ጥቂት ያነሰው ሰው ድምፅ የትም አይደርስም። የወተት ገበያ እንዲህ ቢሠራ ኖሮ የሆለታ ሰው በአንድ ድምፅ ብልጫ አንዱን ሰብሳቢ ይመርጥና ሌሎቹ ሰብሳቢዎች ሁሉ ለአምስት ዓመት ደጃፋቸውን በዘጉ ነበር።

በእንዲህ ያለ ሜዳ የተሸነፈ ሰው ነገ እመለሳለሁ ብሎ አያድርም። ከምርጫ 97 በኋላ በተነሣው ግጭት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን በፓርላማው ውሳኔ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋገጠ፤ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፣ በይቅርታ የወጡትም ብዙዎቹ ከፖለቲካው ራቁ ወይም ተሰደዱ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ተቃዋሚዎቹ ኦፌኮና ኦነግ አባሎቻችን ታስረዋል፣ ቢሮዎቻችን ተዘግተዋል ብለው ከምርጫው ቀሩ። በኦሮሚያ ከተሞች፣ በሆለታም ጭምር፣ መራጩ ድምፅ መስጫ ወረቀቱን ሲዘረጋ ከፊቱ የነበረው አማራጭ እጅግ ጠባብ ነበር።

ነገሩን ወደኋላ ብንስበው ደግሞ ከዚህ የመረረ ማስረጃ አለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኢሕአፓና መኢሶን ሁለቱም ማርክሲስት ነበሩ፤ ሁለቱም መሬት ላራሹን ደግፈዋል፤ መሪዎቻቸው ከአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ የወጡ፣ በአንድ መጽሐፍ የተማሩ ነበሩ። የሚለያያቸው ወታደሩን፣ ማለትም ደርግን፣ ደግፎ መሥራት ይሻላል ወይስ ወዲያውኑ የሕዝብ መንግሥት መጠየቅ የሚለው ነበር። በገበያ እንዲህ የሚመሳሰሉ ሁለት ሻጮች ቢገጥሙ ዋጋ ይቀንሳል፣ ተጠቃሚው ሸማች ይሆናል። እዚህ ግን ወንበሩ አንድ ስለነበር መመሳሰላቸው አባባሰው እንጂ አላቀራረባቸውም። ተገዳደሉ፤ ቀይ ሽብር መጀመሪያ ኢሕአፓን በላ፣ ደርግ ቀጥሎ ወደ መኢሶን ዞረ። በሐሳብ መቀራረብ ለሰላም ዋስትና አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም። ዛሬ ፓርቲዎች «ፕሮግራማችን ይመሳሰላል፣ ስለዚህ አንጣላም» ሲሉ የምጠራጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ችግሩ የሕዝቡ ባሕርይ ይሆን? መተባበር የማያውቅ ሕዝብ ስለሆንን ይሆን? ይህን የሚል ሰው ሰበታና ቡራዩ ያሉ ዕድሮችን አላየም። ከተለያየ ብሔረሰብና ሃይማኖት የመጡ፣ በምርጫ ቀን ምናልባት ተቃራኒ ምልክት ላይ የሚያርፉ ሰዎች አንድ ድንኳን ይተክላሉ፣ አንድ ሰሌን ላይ ይቀመጣሉ። በወልመራ ገጠር ደቦው፣ ጅጊው ዛሬም አለ። የኦሮሞ የገዳ ሥርዓትም አለ፤ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ የገዳ ቡድን ወደ ሌላው ይተላለፋል፣ ተረኛው ተራውን ያውቃል፣ የሚወርደውም እንደሚወርድ ያውቃል። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. የመዘገበው ለጌጥነቱ አይደለም። ሴቶችን ከሥልጣን ማራቁን የመሰሉ ጉድለቶቹን መሸፋፈን አያስፈልግም። የሥልጣን ፉክክርን ያለ ደም ማካሄድ ለዚህ አካባቢ ሰው ባዕድ ነገር እንዳልሆነ ግን ይመሰክራል። የሚያስፈልገው ተሸናፊው ተመልሶ የሚገባበት በር ነው።

በሌላ በኩል ትብብር በራሱ ቅዱስ እንዳልሆነም ይኸው ገበሬ ያውቃል። በደርግ ዘመን ገበሬው በአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲሰባሰብ፣ እህሉንም በኮታና በተወሰነ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ተገደደ። በየስብሰባው የሚዘመረው ስለ ትብብር ነበር። በ1982 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅና ከማኅበሩ መውጣት ሲፈቀድ፣ አምራች ማኅበራቱ በጥቂት ወራት ውስጥ በገዛ አባሎቻቸው ፈረሱ፤ ገበሬው በሬውን ፈትቶ መሬቱን ተከፋፍሎ ሄደ። ዓመታት የፈጀ ትብብር በር ሲከፈት የሚበተን ከሆነ ትብብር አልነበረም ማለት ነው። አሁን ግን በዚያው በወልመራና በጀልዱ የሆለታ እርሻ ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን ጃለኔና ጉደኔን የመሳሰሉ የድንች ዝርያዎች በማኅበር ተደራጅተው የሚያባዙ ገበሬዎች አሉ። ሰላሌም የወተት ኅብረት ሥራ ዩኒየን አላት። የሁለቱን ዘመን ማኅበራት የሚለያቸው መውጫ በር መኖርና አለመኖሩ ነው።

የመውጫ በር አለመኖር ምን ያህል እንደሚያስከፍል የአምቦ መንገድ ራሱ አይቷል። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች የሚያስተሳስረው የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ሲሰማ ተቃውሞ ተነሣ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከሆለታ አልፎ በዚያው በአምቦ መንገድ ላይ ካለችው ጊንጪ እንደገና ተቀሰቀሰ። በጥር ዕቅዱ ተሰረዘ፣ እሳቱ ግን አልጠፋም፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. መጨረሻ በሰበታ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ስለ ማስተር ፕላኑ ይዘት የፈለግነውን ማለት እንችላለን። ምናልባት መንገዱ፣ ውሃው፣ ትራንስፖርቱ ለሁሉም ይጠቅም ነበር። ዕቅዱ የቀረበበት መንገድ ግን ለገበሬው «አልስማማም» የሚልበት ምንም መሣሪያ አልሰጠውም። ቤንዚንና ክብሪት የሚያነሣን ሰው ትክክል ነህ አልልም፤ የተቃጠለው የሠራተኛው እንጀራ ነው። ነገር ግን በሆለታ ደጃፍ ጀሪካኑን አንሥቶ በመሄድ የሚያልቅ ቅሬታ በመሬት ጉዳይ ለምን በእሳት እንደሚያልቅ መጠየቅ አለበት። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎችም ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሲሆኑ ነዋሪው የተጠየቀበት ድምፅ አልነበረም፤ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱም እንዲሁ።

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በ2012 ዓ.ም. ያሳተሙት «መደመር» መጽሐፍ ፉክክርና ትብብር ሚዛን እንዲጠብቁ ይመክራል። ሕመሙን በትክክል አይቶታል እላለሁ፤ በመድኃኒቱ ግን አልስማማም። ሚዛን በምክርና በቅን ልቡና አይመጣም። የአበባ እርሻዎቹ የተባበሩት መደመርን አንብበው አይደለም። ከዚያ በላይ ደግሞ የፖለቲከኞች መተባበር ሁልጊዜ ለዜጋው ደግ ዜና አይደለም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴዎች ተመሳጥረው ዋጋ እንዳይወስኑ ይከለክላል፤ የሻጮች ስምምነት ለገዢው አደጋ መሆኑን ሕግ አውጪው ያውቃል ማለት ነው። በኅዳር 2012 ዓ.ም. የኢሕአዴግ አባል ድርጅቶችና አጋሮቹ ወደ አንድ ፓርቲ፣ ወደ ብልጽግና፣ ሲዋሐዱ ግን የአማራጮች መቀነስ ነው ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነበር፤ አንድነት ተብሎ ተጨበጨበ። ውሕደቱ የአጋር ድርጅቶችን የሁለተኛ ደረጃ ዜግነት ማስቀረቱ መልካም ነበር። ነገር ግን ከግንባሩ አባላት አልዋሐድም ላለው ሕወሓት የተዘጋጀ የሰላም መለያያ አልነበረም፤ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ቢኖሩትም ያ ጠብ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ሆነ። ሽርካዎች ሲለያዩ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፤ የፖለቲካ ሽርካዎቻችን የሚሄዱበት ቦታ አላዘጋጀንላቸውም።

አሁን ለተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያው፣ ገበያ እንዲህ ያማረ አይደለም የሚለው ነው። በእርግጥ አይደለም። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት የወተት ፈላጊ ሲጠፋ ገበሬው ከዋጋ ጋር አይከራከርም፤ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቀበሌ የማታውን ወተት የሚያስረክብበት ስለማያገኝ መውጫ በሩ በግማሽ የተዘጋ ነው። ደላላው አለ፣ በመካከል የሚጨመረው ውሃም አለ። የቢራ ገበያውም ወደ ጥቂት እጆች እየጠበበ ነው። ነገር ግን እነዚህን ጉድለቶች በቅርብ ሲያዩዋቸው ሁሉም የአማራጭ እጦት ናቸው፤ መድኃኒታቸውም አማራጭ መጨመር ነው። ማቀዝቀዣ ያለው ማኅበር የጾም ወተትን አይብ አድርጎ ሊያቆየው ይችላል፤ ሁለተኛ ሰብሳቢ በመጣበት መንደር የመጀመሪያው ይታረማል። በተቃራኒው የገበያ ጉድለትን በቢሮ ትእዛዝ ለማከም ስንሞክር ምን እንደሚሆን ሲሚንቶ አስተምሮናል። ሙገርና ደርባ ከእነዚህ ከተሞች ሩቅ አይደሉም፤ ፋብሪካዎቹ እዚያ ቆመው መንግሥት ዋጋና ሥርጭት በወሰነባቸው ጊዜያት ቤት ሠሪው ሲሚንቶ የሚያገኘው ደብዳቤ ካለው ሰው ነበር። ደብዳቤ ደግሞ የፖለቲካ ሸቀጥ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። ፖለቲካ ገበያ አይደለም፤ አንድ አገር ሁለት ጦር፣ ሁለት ፍርድ ቤት፣ ሁለት የግብር ሕግ ሊኖራት አይችልም፤ ስለዚህ አንዱ ማሸነፉና ሌላው መታዘዙ የማይቀር ነው ይላል። እቀበለዋለሁ። ገበያውም ራሱ ያለ ፍርድ ቤትና ያለ ሚዛን ተቆጣጣሪ አይቆምም፤ የላክቶሜትሩን ንባብ የሚያስከብረው በመጨረሻ ሕግ ነው። ነገር ግን አንድ ውሳኔ ሁሉንም ስለሚያስገድድ ብቻ ውሳኔው ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ሁሉ ከአንድ ፓርቲ መሆን አለባቸው ማለት አይደለም። ጀርመን ውስጥ ፓርቲዎች ወንበር የሚካፈሉት ባገኙት ድምፅ ልክ ስለሆነ ማንም ብቻውን መንግሥት ማቆም አይሆንለትም ማለት ይቻላል፤ በምርጫ ዘመቻ የተሰዳደቡት ከምርጫ ማግሥት ቁጭ ብለው ይደራደራሉ። ደቡብ አፍሪካ በ1986 ዓ.ም. ከአፓርታይድ ስትወጣ የተመጣጣኝ ውክልናን የመረጠችው ጥቂቶች ውጭ ቀርተው መሣሪያ እንዳያነሡ ነው። ውጤቱ አዝጋሚ፣ አንዳንዴም አሰልቺ መንግሥት ነው። ለእኛ ትንሽ መሰልቸት ቢደርሰን አይጎዳንም።

ሦስተኛው ስለ መሬት ነው። ገበሬው እንዲደራደር ከተፈቀደለት በድርቅ ዓመት መሬቱን ሸጦ ከተማ ይገባል፣ ሀብታሙ ይጠቀልለዋል የሚል ስጋት ከ1967ቱ የየካቲት የመሬት አዋጅ ጀምሮ አለ። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ከአብዮቱ በፊት የነበረውን የጭሰኛ ኑሮ የሚያስታውስ ሰው ዝም ብሎ አይጥለውም። ግን በመሸጥና ምንም ባለማለት መካከል ሰፊ ቦታ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የመጠቀም መብትን በዋስትና ማስያዝን ፈቅዷል፤ ሰማዩ አልወደቀም። ባለይዞታው ከአልሚው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ በኪራይ፣ በድርሻ ወይም በአክሲዮን የሚስማማበት ሥርዓት ቢኖር መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ይቀጥላል፣ ሰውየው ግን የአበባ እርሻው ጎረቤት ሳይሆን ሽርካ ይሆናል። አሁን ባለው አሠራር ደግሞ መሬቱን የሚጠቀልለው ሰው የለም ብሎ የሚያምን በከተሞቻችን ዙሪያ ያለውን ወሬ ያልሰማ ነው። ልዩነቱ አሁን ትርፉ ለገበሬው ሳይሆን ለቢሮው ቅርብ ለሆነው መሆኑ ነው።

የፖለቲካውን ሜዳ የማስተካከሉ ነገር አዲስ ሐሳብም አይደለም። በመስከረም 30 ቀን 2009 ዓ.ም. ፕሬዝዳንት ሙላቱ ተሾመ ለሁለቱ ምክር ቤቶች ባሰሙት ንግግር የምርጫ ሕጉ ድምፆችን ሁሉ በሚያስወክል መልኩ እንደሚሻሻል ቃል ገብተው ነበር። ፓርቲዎችም በቅይጥ ሥርዓት ላይ ተደራድረው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ 1162 ግን የድሮውን የአብላጫ ሥርዓት ይዞ ቀረ። ሕገ መንግሥቱ ካልተሻሻለ አይቻልም የሚለው መልስ ለፌዴራሉ ምክር ቤት ይሠራ ይሆናል። ለከተማና ለወረዳ ምክር ቤት ግን አንቀጽ 54 ሰበብ አይሆንም፤ እሱ የሚናገረው ስለ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።

ደግሞስ የወረዳና የከተማ ምርጫ የት አለ? የአካባቢ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ከተካሄደ በኋላ በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ተራዘመ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ በቀር አልተደረገም። የሆለታ ገበሬ መሬት ላይ የሚወስነው፣ የወተት መሰብሰቢያው ማቀዝቀዣ መብራት የሚያገኝበትን ጊዜ የሚቆርጠው፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱን የሚጠርገው ይህ የቅርቡ አስተዳደር ነው። አዲስ አበባ ላለው ፓርላማ ድምፅ ሰጥቶ ለሆለታ ምክር ቤት አለመስጠት የተገላቢጦሽ ነው። ምርጫ ቦርድ የአካባቢ ምርጫ ቀን ይቁረጥ፤ የኦሮሚያ ጨፌም የከተሞችና የወረዳዎች ምክር ቤቶች ወንበር በተመጣጣኝ ድምፅ እንዲከፋፈል የራሱን ሕግ ያውጣ። ከሆለታ፣ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ካሉት ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታም ይጀመር።